ግሬዱ ቅር አሰኝቶሃል? ቢሮ ግባ፣ ቴሌግራም ጻፍ፣ ሪፕ ላክ፣ አመልክት ወይስ ተወው

ግሬድ የተለቀቀ ቀን ዶርም ውስጥ ያለውን ነገር ታውቀዋለህ። አንዱ ፖርታሉ አልከፍት ብሎት ስልኩን ይዞ ኔትወርክ ፍለጋ ኮሪደር ላይ ይንከራተታል። አንዱ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ የተኛ ይመስላል። ሰቃዩ "እኔም እኮ ተበላሽቶብኛል" እያለ ኤውን ይደብቃል። አንተ ደግሞ ቢ ስትጠብቅ የነበረው ኮርስ ሲ ፕላስ ሆኖ ቁጭ ብሏል፤ ደምህ ፈልቷል፤ ጓደኛህ ጫማህን እያቀበለ "ተነስ፣ አሁኑኑ ሄደህ አናግረው" ይልሃል።

ጫማውን ተወው። ዛሬ አትሄድም።

ነገሩን በሁለቱም ወገን ሆኜ አይቼዋለሁ። ተማሪ ሳለሁ ግሬዴን ለማስተካከል ቢሮ በር ላይ ቆሜያለሁ፤ ኋላ ረዳት መምህር ሆኜ ሁለት ዓመት ሳስተምር ደግሞ እኔ በር ላይ የሚቆሙትን አስተናግድ ነበር። ያኔ የታዘብኩት፣ ብዙ ተማሪ እውነት ይዞም ባዶ እጁን የሚመለሰው ለችግሩ የማይሆን መንገድ ስለሚመርጥ ነው። ለድምር ስህተት ዘመድ ይልካል። የክፍሉን ሁሉ ችግር ብቻውን ተሸክሞ ይጋፈጣል። ምንም ስህተት በሌለበት ደግሞ ሁለት ገጽ ማመልከቻ ይጽፋል።

ቅሬታህ የትኛው ነው?

አንደኛው የቁጥር ስህተት ነው። ይህ ከምታስበው በላይ ያጋጥማል። መምህሩ ኩይዙን፣ አሳይመንቱን፣ ሚዱን፣ ፋይናሉን ኤክሴል ላይ ያስገባል። ክፍሉ ውስጥ የራሳቸውም የአባታቸውም ስም አንድ የሆነ ሁለት ልጆች ካሉ (የእኛ ሀገር ስም ደግሞ ለዚህ ይመቻል) የአንዱ ውጤት ለሌላው ይገባል። የቡድን አሳይመንት ላይ ስምህ አራተኛ ተጽፎ ወረቀቱ ሲታጠፍ ተደብቆ ይሆናል። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ የስሙን ዓምድ ብቻ በፊደል ቅደም ተከተል ደርድሬ ውጤቱን ሳላስከትል ቀርቻለሁ፤ የሃምሳ ልጅ ውጤት ተዘበራርቆ፣ የክፍሉ ሰቃይ ሚድ ላይ ከ30 አራት አምጥታ ሳይ ነው የባነንኩት። እሷ ባትኖር ለጥፌው ነበር።

ሁለተኛው የእርማት ጉዳይ ነው። ቁጥሩ ልክ ነው፣ ግን መልስህ ትክክል ሆኖ ኤክስ ተደርጎብሃል፣ ወይም የመጨረሻው መልስ ቢሳሳትም አሠራሩ ነጥብ ሊያሰጥህ ሲገባ ዜሮ ተሰጥቶሃል።

ሦስተኛው ቅር መሰኘት ብቻ ነው። ለፍተሃል፣ ቸክለሃል፣ ሌሊት አድረሃል፣ አልሆነም። ይህም ያማል። ግን ሊታረም የሚችል ነገር ወረቀቱ ላይ የለም።

የትኛው እንደሆነ ወረቀትህን ሳታይ ማወቅ አትችልም። ስለዚህ የትኛውንም መንገድ ብትመርጥ የመጀመሪያው ጥያቄህ "ጨምሩልኝ" ሳይሆን "ወረቀቴን ማየት እችላለሁ?" ነው። "ጨምሩልኝ" ያለውን ተማሪ እምቢ ማለት ቀላል ነው። ወረቀቴን ልይ ያለውን ግን በምን ምክንያት እምቢ ትለዋለህ?

ስለ ጊዜውም አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም ከመንገዱ ምርጫ እኩል ወሳኝ ነው። ብዙ ግቢ ከፋይናሉ በፊት ከ50 ያለው ውጤት ይለጠፋል። ስህተት ለማስተካከል ከዚያ የተሻለ ቀን የለም፤ መምህሩ እዚያው ኤክሴሉ ላይ ቁጥሩን ቀይሮ ይጨርሳል። ግሬዱ አንዴ ሬጅስትራር ከገባ በኋላ ግን ያችው ቁጥር ለመቀየር የግሬድ ለውጥ ፎርም፣ ምክንያት፣ የመምህሩ ፊርማ፣ የዲፓርትመንት ሄዱ ፊርማ፣ ብዙ ቦታ የዲኑም ፊርማ ትፈልጋለች። ከ50 ሲለጠፍ "ፋይናል ላይ አካክሰዋለሁ" ብለህ ዝም ካልክ፣ ሥራውን ለራስህም ለእሱም እያበዛህ ነው።

ቢሮ መሄድ

ለአንደኛውና ለሁለተኛው ዓይነት ቅሬታ የመጀመሪያ ምርጫዬ ይሄ ነው። ወረቀቱ ያለው እዚያ ነው። ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው ደግሞ ስልክ ላይ እንዳለ ስም በቀላሉ አይታለፍም።

አካሄዱ ግን አለው። በሩ ላይ የተለጠፈ የማማከር ሰዓት ካለ በዚያ ሰዓት ሂድ። ላውንጅ ውስጥ ምሳ እየበላ፣ ሰርቪስ ሊሳፈር እየሮጠ፣ ወይም ሌላ ክፍል አስተምሮ ሲወጣ መንገድ ላይ አታስቁመው። ሰው ፊት ከጠየቅከው ሰው ፊት ነው የሚመልስልህ፤ ሌላ መምህር አጠገቡ ቆሞ እያለ "አዎ፣ ተሳስቻለሁ" የሚል ሰው እምብዛም አላየሁም።

ገብተህ ምን ትላለህ? "ቲቸር እንደምን ዋሉ። የፋይናል ወረቀቴን ለማየት ነበር የመጣሁት፣ የት ላይ እንደተሳሳትኩ ባውቅ ብዬ።" በቃ። ወረቀቱ ከመጣ በኋላ ዝም ብለህ አንብብ። ድምሩን ራስህ ደምር። የሆነ ነገር ካገኘህ "ሦስተኛው ጥያቄ ላይ 8 ነው የተሰጠኝ፣ ሽፋኑ ላይ ግን 3 ሆኖ የተደመረ መሰለኝ" በል። "መሰለኝ" የምትለዋን ቃል አትናቃት። አንተ እርግጠኛ ብትሆንም እሱ ክብሩ ሳይነካ "እስቲ ልየው" እንዲል በር ትከፍትለታለች። ወጣት መምህር ከሆነና "አንተ በለኝ" ካለህ በለው፤ እስኪልህ ድረስ ግን አንቱታው አይጎዳህም።

እዚያ ክፍል ውስጥ የማይነሱ ነገሮች አሉ። የቤተሰብ ችግር አንዱ ነው። እናትህ መታመሟ እውነት ሊሆን ይችላል፤ መምህሩም ልቡ ሊነካ ይችላል፤ ግን በግሬድ ለውጥ ፎርሙ ላይ "ምክንያት" በሚለው ቦታ ምን ብሎ ይጻፍ? ለፈተናው ሰሞን ታመህ ወይም ሐዘን ደርሶብህ ከነበረ መንገዱ ሌላ ነው፤ የሐኪም ማስረጃህን ይዘህ ቶሎ፣ ግሬድ ከመግባቱ በፊት፣ ስለ ሜክአፕ (ምትክ) ፈተና ወይም ስለ ኢንኮምፕሊት (ለጊዜው "ያልተሟላ" ተብሎ ስለሚያዝ ውጤት) ዲፓርትመንትህን ትጠይቃለህ። ከግሬዱ በኋላ ሲነገር ሰበብ ይመስላል፤ ባይሆንም።

ሌላው ጓደኛህን ማነጻጸሪያ ማድረግ ነው። አንድ ልጅ ቢሮዬ መጥቶ "እሱ እኮ ከእኔ ገልብጦ ነው፣ እንዴት እሱ ቢ እኔ ሲ?" አለኝ። ሁለታችንም ለትንሽ ጊዜ ዝም አልን። እሱም ምን እንዳለ የገባው ያኔ ነው መሰለኝ፣ ወጥቶ ሄደ።

የዚህ መንገድ ድክመት ማስረጃ አለመተዉ ነው። "እሺ አየዋለሁ" ይልሃል፣ ሳምንት ያልፋል፣ ይረሳል። ስለዚህ በዚያው ቀን አጭር መልእክት ላክ፦ "ቲቸር፣ ዛሬ ስላስተናገዱኝ አመሰግናለሁ። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ያለውን ድምር እስከ ዓርብ እንደሚያዩልኝ ነግረውኛል።" ቀን፣ ጉዳይ፣ ምስጋና። ከዚህ በላይ አያስፈልግም።

አንቺ የምታነቢውን ለብቻሽ ላናግርሽ። ወንድ መምህር ጋ ስትሄጂ በሥራ ሰዓት ብቻ ሂጂ፣ ጓደኛሽ ኮሪደሩ ላይ ትጠብቅሽ፣ በሩም ገርበብ ይበል። "ማታ ደውዪልኝ" ወይም "ከግቢ ውጪ ተገናኝተን እናውራበት" ካለሽ እሱ ስለ ግሬድ ማውራት አቁሟል። ያን ጊዜ የትኛው መንገድ ይሻላል ብለሽ አትመዝኚ። መልእክት ከላከልሽ ስክሪንሾት አንሺው፤ ቴሌግራም ላይ ላኪው ከራሱም ከአንቺም ስልክ ሊያጠፋው ይችላል። ከዚያ ወደ ግቢው የሥርዓተ ፆታ ቢሮ ሂጂ። "ግሬዴን ይበልጥ ያበላሽብኛል" የሚለው ፍርሃት ትክክለኛ ፍርሃት ነው፤ ለዚህም ነው ሌላ መምህር ወረቀቱን እንዲያርመው መጠየቅ የሚቻለው፣ ወደ እሱ እመጣለሁ።

ቴሌግራም ወይስ ኢሜይል

የሚመች ስለሆነ ሁሉም የሚጀምረው እዚህ ነው። እኔም ቀጠሮ ለመያዝ እመክረዋለሁ። ለመከራከር ግን አይሆንም። ግሬድ በተለቀቀ ማታ መምህሩ ስልክ ላይ የአርባ ተማሪ መልእክት ይገባል፤ ግማሹ "ቲቸር ለምን" ይላል፣ ግማሹ የጥያቄ ምልክት ብቻ ነው፣ አንዱ ደግሞ የአራት ደቂቃ ቮይስ ይልካል። (ቮይስ አትላክ። ማንም አይሰማውም።) በዚህ መሃል ተለይቶ መልስ የሚያገኘው በሁለት መስመር ማንነቱንና የፈለገውን የተናገረ ነው። ሙሉ ስም፣ አይዲ ቁጥር፣ ሴክሽን፣ የኮርሱ ስም፣ "ወረቀቴን ለማየት መቼ ብመጣ ይመችዎታል?" ካልከው ቀን ይሰጥሃል።

ጽሑፍ ከቢሮ የሚበልጥበት አንድ ሁኔታ አለ። ቁጥሩ ራሱ የሚናገር ሲሆን። የተለጠፈው ከ50 ውጤትህ 38 እንደሆነ ፎቶ አለህ፣ ፖርታሉ ላይ 28 ተብሏል። ሁለቱን ምስል ጎን ለጎን ላክለት፤ ቢሮ ሄደህ የምታስረዳው ነገር የለም። የተለጠፈን ውጤት ሁሉ ፎቶ የማንሳት ልማድ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ኢሜይል ለዕድሜ ባለጸጋ ፕሮፌሰሮችና ቴሌግራማቸውን ለተማሪ ለማይሰጡ ይሆናል። ቀዝቃዛ ነው፣ ዘግይቶ ነው የሚመለሰው፣ ግን ነገሩ ወደ ማመልከቻ ከሄደ ቀን የታተመበት ማስረጃ ሆኖ ይቆይሃል።

ሪፕ መላክ ወይም በቡድን መሄድ

ሪፕ (የክፍሉን ተወካይ) መላክም ሆነ በቡድን መሄድ የሚሠራው ችግሩ የክፍሉ ሲሆን ብቻ ነው። ያልተማራችሁት ቻፕተር ፋይናል ላይ መጥቷል፣ ወይም ተመሳሳይ ፈተና የወሰደው ሌላው ሴክሽን በሌላ መምህር ታርሞ ውጤታችሁ ሰማይና ምድር ሆኗል። እንዲህ ሲሆን አንድ ሰው ብቻውን ቢሄድ "ሌሎቹ ምንም አላሉም" ይባላል። ሦስት ሰው፣ ከሰቃዮቹም አንዱን ጨምሮ፣ ኮርስ አውትላይኑን በእጁ ይዞ ቢሄድ ይደመጣል። ሠላሳ ሰው ከሄደ ግን ነገሩ ውይይት መሆኑ ቀርቶ አድማ ይመስላል፤ ያኔ መምህሩ የሚያስበው ስለ ጥያቄያችሁ ሳይሆን ስለ በሩ ነው።

ለግል ቅሬታ ሪፕ አትላክ። ሪፑ ለራሱ ኤ ማይነስ አግኝቶ ከሆነ የአንተን ሲ በምን ወኔ ይከራከርልሃል? ሄዶ ሰላም ብሎት ይመለሳል።

ማመልከቻ፦ ወረቀቱ በሌላ ሰው ይታረም

ሪማርኪንግ የሚባለው ነው። ለዲፓርትመንት ሄዱ ታመለክታለህ፣ ወረቀትህን ትምህርቱን የሚያውቁ ሌሎች መምህራን እንዲያዩት ይደረጋል። ዝርዝሩ በየዩኒቨርሲቲው የሴኔት ሕግ ላይ ነው ያለው፤ የማመልከቻው ጊዜ አጭር ስለሆነ የአካዳሚክ ካሌንደሩን ግሬድ በወጣ ማግስት እይ። "ቲቸር አየዋለሁ ብሎኛል" እያልክ ስትጠብቅ ቀኑ ካለፈብህ፣ ጥሩነትህ ራሱ ዋጋ አስከፈለህ ማለት ነው። መምህሩን እየጠበቅክም ቢሆን ማመልከቻህን አዘጋጅተህ ያዝ።

ከቢሮው መንገድ ጋር ሳወዳድረው ይሄኛው ጠንካራ ነው፣ ግን ይከብዳል። ጠንካራ የሚያደርገው በአንድ ሰው ፈቃድ ላይ የማይንጠለጠል መሆኑ ነው፤ መምህሩ ወረቀት አላሳይም ካለ፣ ለትምህርት ውጭ ሀገር ከሄደ፣ ወይም ከላይ ያልኩት ዓይነት ችግር ካለበት ያለህ መንገድ ይሄ ብቻ ነው። የሚከብደው ደግሞ በእኛ ሀገር ማመልከቻ "ከሰሰኝ" ተብሎ ስለሚወሰድ ነው። ሕጉ እንደዚያ አይልም፣ ስሜቱ ግን አለ። ስለዚህ ሌላ ችግር ከሌለ በቀር ከማስገባትህ በፊት ለራሱ ንገረው፦ "ቲቸር፣ በአምስተኛው ጥያቄ ላይ አልተግባባንም፣ ሌላ ሰው እንዲያየው ላመለክት ነው፤ ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ብዬ ነው።" የሰማሁት መልስ ብዙ ጊዜ "መብትህ ነው" የሚል ነው፣ ፊቱ ቢጠቁርም።

ሁለት ነገር ተጠንቀቅ። ዳግም ሲታረም ነጥቡ ሊወርድም ይችል እንደሆነ ቀድመህ ጠይቅ፤ አዲሱ አራሚ ያልጠየቅከውንም ጥያቄ ሊያየው ይችላል። ማመልከቻው ደግሞ አጭር ይሁን፤ ስም፣ አይዲ፣ የኮርስ ኮድ፣ የትኛው ጥያቄ፣ ለምን። የመምህሩን ጠባይ አትጻፍበት። መዝገብ ቤት ስታስገባ የገቢ ቁጥሩንና ቀኑን በራስህ ቅጂ ላይ አስጽፍ።

ሰው መላክስ?

አጎቴ ዲኑን ያውቀዋል፣ አባቴ ከመምህሩ ጋር አንድ ሰፈር ነው። አይሆንም። ስህተቱ እውነተኛ ከሆነ ሰው አያስፈልገውም፤ ካልሆነ ደግሞ መምህሩ በይሉኝታ የሚጨምርልህ ነጥብ የሌላ ሰው ፊርማ ሲጠየቅበት ይቆማል። አሜሪካ ያሉ ወላጆችም ይህን ሲሞክሩ አይቻለሁ፤ ልጃቸው ኮሌጅ ገብታ ሲ ስታመጣ ፕሮፌሰሩ ጋ ለመደወል ይነሳሉ። እዚያ የ1974ቱ ፈርፓ የሚባለው ሕግ ተማሪው ኮሌጅ ሲገባ በትምህርት መረጃው ላይ ያለውን መብት ከወላጅ ወደ ተማሪው ያዞረዋል፤ ፕሮፌሰሩ ስልኩን ቢያነሳ እንኳ ስለ ልጅቷ ውጤት ላያወራቸው ይችላል። እሷ ራሷ በኦፊስ አወር ትሂድ፤ እዚያ ተማሪ ቢሮ መሄዱ የተለመደ ስለሆነ ማንም አይደነግጥም።

መተው

ይሄም ምርጫ ነው፣ ግን በሒሳብ ተው እንጂ በፍርሃት አትተው። 30 ኢሲቲኤስ (የኮርስ ክብደት መለኪያው) በወሰድክበት ሴሚስተር ውስጥ የ5 ኢሲቲኤስ ኮርስ ከሲ ፕላስ ወደ ቢ ማይነስ ቢወጣ (ከ2.5 ወደ 2.75) የሴሚስተሩ ጂፒኤህ የሚጨምረው 0.04 ገደማ ነው። በአራት ዓመቱ 240 ኢሲቲኤስ ላይ ሲበተን 0.005 ይሆናል። ለዚህ ሦስት ፊርማ ፍለጋ ሁለት ሳምንት መንከራተት ያዋጣል? ለእኔ አያዋጣም። ከሲ ወደ ቢ ከሆነ ግን በሴሚስተሩ 0.17 ያህል ነው፤ እሱን አልተውም።

ፍሬሽ ከሆንክ ሒሳቡ ይለያል። ዲፓርትመንት በውድድር ስለሚመደብ ያችው ትንሽ ነጥብ የምትፈልገው ዲፓርትመንት መግባትህን ልትወስን ትችላለች፤ ስለዚህ ፍሬሽ ለትንሹም ቢሆን ወረቀቱን ይይ። ኪዩሙ (የእስካሁኑ ጠቅላላ አማካይ ውጤቱ) ከ2.00 በታች ልትወርድ የደረሰችበትም እንዲሁ፣ ምክንያቱም ለመመረቅ 2.00 ግድ ነው። ኤፍ ኤክስ (ለጥቂት የወደቀ ውጤት) ያለበት ደግሞ ክርክር ውስጥ ከመግባቱ በፊት ድጋሚ ፈተና ይፈቀድለት እንደሆነ ይጠይቅ፤ ብዙ ግቢ ይፈቀዳል፤ ለሁለት ነጥብ ከመጨቃጨቅ ሁለት ሳምንት አጥንቶ መፈተን ይቀላል።

ሦስተኛው ዓይነት ቅሬታ ያለህ ከሆነ፣ ማለትም ስህተት የሌለበት፣ ወረቀትህን ማየትህ እንዲሁ ይጠቅምሃል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፣ ከመቶ 50 ሳታመጣ ዲግሪው አይሰጥህም፤ ዛሬ ያልገባህ ቻፕተር እዚያ ይጠብቅሃል። ቢሮ ስትገባ "ነጥቡ ይቅርና ይሄን ዓይነት ጥያቄ እንዴት ነው የማጠናው?" ብለህ ጠይቅ። ለእንዲህ ዓይነት ተማሪ ወንበር ስስብ ራሴን አግኝቼዋለሁ።

የእኔን ልጨርስ። ተማሪ ሳለሁ ሲ ፕላስ የመጣብኝ ኮርስ ላይ የጎደለው ከ20 የታረመ አሳይመንት ነበር፤ መምህሩ ወረቀቶቹን ሲያገላብጥ አገኘው፣ ይቅርታ ጠየቀኝ፣ ፎርሙን ሞልቶ ፈረመ፣ "ጨርሻለሁ፣ ሂድ" አለኝ። እኔም ጓደኞቼን ቡና ጋበዝኩ። ሁለተኛው ሴሚስተር ተጀምሮ ፖርታሉን ስከፍት ሲ ፕላሱ እንዳለ ነው። ሬጅስትራር ሄድኩ፣ አልደረሰንም አሉኝ። ዲፓርትመንት ስሄድ ጸሐፊዋ መሳቢያዋን ከፈተች፤ ፎርሙ ሁለት ፊርማ ይዞ፣ ሦስተኛውን እየጠበቀ፣ ከአንድ የስብሰባ ጥሪ ሥር ተኝቷል።